ሚያዝያ ሃያ ሰባት የማን ቀን ነው?

ሰው ሁሉ «ምን ያስጮህሃል?» ይለኛል። እኔ እኮ ሁልጊዜ እጮኻለሁ። መሐል ሜዳ ከተማ ላይ የናፍታ ወፍጮ ይዞ ልጆች ያሳደገ ሰው ቀስ ብሎ መናገርን ከየት ይማራል? ሞተሩ ከጠዋት እስከ ማታ አጠገቤ ሲያጓራ ኖሮ ግራ ጆሮዬ ጡረታ ወጥቷል፤ ቀኙም ማመልከቻ አስገብቶ መልስ እየጠበቀ ነው። «እንደምን አደራችሁ» ስል ጎረቤት ከሚስቴ ጋር የተጣላሁ እየመሰለው ሊገላግል ይመጣል። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ ስለሚያስፈልግ ነው። አሁን ግን የምጮኸው በልማድ አይደለም፤ ተናድጄ ነው።

ትናንት የቀበሌያችን ሊቀመንበር ወፍጮ ቤቴ ድረስ መጥቶ «ለበዓሉ ሸራህን አውሰን» አለኝ። ሸራ! ይህን ቃል ከዚያ ሰው አፍ ስሰማ ቆሽቴ አረረ። ያለፈው ንዴት ሁሉ እንደ አዲስ አገረሸብኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩለት ኋላ እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ ስሙኝ።

እስቲ ፍረዱ። ዓመት ሙሉ ያን ሁሉ ቀን ሲደረደር፣ አንድ አባት ልጁን የሚድርባት፣ ማንም ያልሞተባት፣ ማንም ያልነገሠባት፣ ጠላት ያልገባባት፣ ወዳጅ ያልወጣባት አንዲት ባዶ ቀን ትጥፋ? ጠፋች! እኔ ፈልጌ አጥቻለሁ። ቀኑ ሁሉ ተይዟል።

በኛ በመንዝ ድሮውንም ቀን ባለቤት አለው። አሥራ ሁለት ሚካኤል፣ ሃያ አንድ ማርያም፣ ሃያ ሦስት ጊዮርጊስ፣ ሃያ ሰባት መድኃኔዓለም። በነዚህ ቀኖች ገበሬው ሞፈር አይነካም፣ ሴቶቹም ገብስ ተሸክመው ወፍጮ ቤት አይመጡም። እኔም እዘጋለሁ። አንድ ጊዜ፣ ወፍጮውን በተከልኩ ሰሞን፣ ጀግና ነኝ ብዬ በጊዮርጊስ ከፈትኩና የሞተሩ ቀበቶ ተበጥሶ ፊቴን ገረፈኝ። መካኒኩ «አርጅቶ ነው» አለ። ሚስቴ አስካለ ግን «ፈረሰኛው ነው የገረፈህ» አለች፣ ገበያው ሁሉ ከሷ ጋር ተስማማ። ከዚያ ወዲህ ከጻድቃን ጋር አልጣላም። የተጣላሁት ከታሪክ ጋር ነው።

ልጄን ብርቄን ጌታነህ የሚባል አስተማሪ ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። ጌታነህ እናት አባቱን በልጅነቱ ያጣ ልጅ ነው። ያሳደጉት አያቶቹ፣ ወደ ቀየት በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉት ባሻ ተክሌና እማማ የሺመቤት ናቸው። ጨዋ ቤት፣ የታወቀ ቤት። ሽማግሌ ልከው ጠየቁ፣ እሺ አልን። የቀረው ቀን መቁረጥ ብቻ ነበር።

እኔ ታዲያ ሽማግሌዎቹ ለቀን ቆረጣ እስኪመለሱ መጠበቅ አቃተኝ። ዱቄት መሐል ቁጭ ብዬ አሰብኩ፣ አሰብኩ፣ ደረስኩበት። ሚያዝያ ሃያ ሰባት! የአርበኞች የድል ቀን ነው፤ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ሙሽራው ፈቃድ አይለምንም። መድኃኔዓለም ነው፤ ገበሬው አያርስም፣ ዘመድ ሁሉ ይመጣል። ወፍጮዬም ያው ዝግ ነው። ዓርብ ይውላል፤ ቢውልስ? ፋሲካ አልፎ በዓለ ሃምሳ ነው፣ ሥጋው እንደ ልብ ይበላል። እንዲህ ያለ ቀን አንድ መሪጌታ በባሕረ ሐሳብ ቢያወጣው ይሸለማል አልኩ። ብቻዬን ቁጭ ብዬ ለራሴ አጨበጨብኩ።

ከዚያ ለአስካለ በሹክሹክታ ነገርኳት። የኔ ሹክሹክታ ደግሞ ገበያው ድረስ ይሰማል። በማግስቱ ገብስ ያመጣ ሁሉ «ሚያዝያ ሃያ ሰባት እንመጣለን» ይለኝ ጀመር። እኔም «ኑ! ኑ!» እላለሁ። ለጠላው የሚሆነውን ብቅል አስነከርኩ፣ ጌሾ አስወቀጥኩ።

«ሽማግሌ ሳይቀመጥ ቀን ይቆረጣል?» አለች አስካለ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

«አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ክፉ ማየት!» አልኳት። ሴትየዋ እኮ ልክ ናት። ልክ መሆኗ ነው የሚያናድደኝ።

የቀን ቆረጣው ዕለት ደረሰና የሙሽራው ወገን መጡ። ፊት ፊት የሚመሩት ባሻ ተክሌ ናቸው፤ በርኖሳቸውን ግራና ቀኝ ያደረጉ፣ በዚያ ዕድሜ እንደ ዳስ ምሰሶ ቀጥ ያሉ አርበኛ። ከሳቸው ጋር የጌታነህ ርዕሰ መምህርና አንድ ቄስ አሉ። በኛ በኩል አማቴ፣ የአስካለ አባት፣ ግራዝማች ሽብሩ ተቀምጠዋል። እሳቸውም አርበኛ ናቸው። ሁለቱ በጣልያን ጊዜ በየፊናቸው በረሃ የወረዱ፣ በዝና የሚተዋወቁ ሰዎች ናቸው። እኔ ልቤ ሞልቷል፤ አርበኛ ከአርበኛ በአርበኞች ቀን ሊጋባ!

«እንግዲህ መቼ ይሁን አላችሁ?» አሉ ባሻ፣ የጠላ ዋንጫቸውን ይዘው።

«ሚያዝያ ሃያ ሰባት!» አልኩ።

ባሻ ዋንጫቸውን መሬት አስቀመጡ። «ይህን ቀን ማን መረጠው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ፣ ምስጋና የሚመጣ መስሎኝ።

«አንተ ጣልያን ነህ?»

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። አልተሳሳተም።

«ጣልያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ ሃያ ሰባት ነው» አሉ። «በሃያ ስምንት ዓመተ ምሕረት። አገር በሞተበት ቀን ልጅ አይዳርም።»

ግራዝማች እንደ ተነከሰ ሰው ተነሡ። «ምን ማለትዎ ነው? ሚያዝያ ሃያ ሰባት ጃንሆይ በድል የገቡበት ቀን ነው! በሠላሳ ሦስት! በዓይኔ አይቻለሁ፣ መንገድ ዳር ቆሜ እልል ብያለሁ። የአገር ትንሣኤ ነው!»

«ትንሣኤ ያላችሁት እኮ መጀመሪያ ሞት ስለነበረ ነው።»

«ሞቱን ትንሣኤው ሽሮታል!»

«ለርስዎ ይሻርልዎ። ለኔ አልተሻረም።»

እኔ ግራ ገባኝ። አንድ ቀን እንዴት ሁለት ነገር ይሆናል? ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞሬ «አንተ የተማርክ ነህ፣ ማን ነው ልክ?» አልኩት። መነጽሩን አስተካከለና «ሁለቱም አባቶች ልክ ናቸው» አለ። «ጠላት በገባ በአምስተኛ ዓመቱ፣ ንጉሡ ያችኑ ቀን ጠብቀው ነው የገቡት። ኋላም ደርግ የድሉን በዓል ወደ መጋቢት ሃያ ስምንት ወስዶት ነበር፤ አሁን ወደ ቦታው ተመልሷል።»

በሕግ አምላክ! ሁለት ሽማግሌ ሲናከስ «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» የሚል ሰው ምን ይባላል? ይህ ማስታረቅ አይደለም፣ እሳት ላይ ናፍታ መድፋት ነው። ደርግ ሲባል ሁለቱም ተባብረው በሱ ላይ ዞሩ፤ ያን ዕለት የተስማሙት በዚያች ብቻ ነው።

በመጨረሻ ባሻ ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። «ልጁ ልጄ ነው፣ ልጅቷንም ወድጃታለሁ» አሉ። «በዚያ ቀን ግን አልመርቅም። ጉልበቴንም አላስስምም።» ጠላው ሳይቀመስ ወጡ።

እንግዲህ ነገሩ ይግባችሁ። ሙሽራ ከቤቱ ሲወጣ ያሳደጉትን ሰዎች ጉልበት ስሞ፣ ተመርቆ ነው የሚወጣው። ጌታነህ ደግሞ ከባሻ ሌላ አባት አያውቅም። የሳቸውን ጉልበት ሳይስም ከደጃቸው እግሩን እንደማያነሣ ሁላችንም እናውቃለን። ባሻ ካልመረቁ ሠርግ የለም። ብቅሉ ደግሞ በቅሏል።

«በቃ ይቀየር» አለች አስካለ።

እሺ፣ ይቀየር! እኔ ግትር ነኝ ወይ? ሃያ ስምንት አልን፤ ርዕሰ መምህሩ «የፈተና ሰሞን ነው፣ ቅዳሜና እሑድም እናስጠናለን፤ ከበዓል ቀን በቀር አስተማሪ አልለቅም» አለ። ከበዓል በዓል ስንቆጥር ግንቦት ሃያ ላይ ደረስን። ግንቦት ሃያ ስል አስካለ ፊቷን አዞረች። ታናሽ ወንድሟ የዱሮው ጦር ወታደር ነበር፤ ያን ጊዜ ጦሩ ሲበተን እግሩ አብጦ፣ ሸሚዝ ለምኖ ለብሶ ነው የመጣልን። እስከ ዛሬ በዚያ ቀን ሙዚቃ ሲሰማ ተነሥቶ ወደ በጎቹ ይሄዳል። ለጎረቤታችን ደግሞ ልጁ ከትግል በሕይወት የመጣበት ቀን ነው፤ በግ ያርዳል። አንዱ አጥር ውስጥ ለቅሶ፣ ባንዱ አጥር ውስጥ እልልታ! ከዚያ ወዲያ የሰኔ ጾም ነው፣ ከዚያ ክረምት ነው። እስከ ጥር ይቆይ እንዳልል ጠላውን ማን ይጠጣው? እኔ ብቻዬን? ቀኑ ያው ሃያ ሰባት ሆኖ ቀረ።

ብርቄ ይህን ሁሉ ጊዜ ጥግ ቆማ ነበር። «አባዬ» አለችኝ፣ «እኔን መቼ ትፈልጊያለሽ ያለኝ ሰው አለ?»

«ዝም በይ፣ የታሪክ ጉዳይ ነው» አልኳት። ይህን ማለቴ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። ሠርጉ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ሊቀመንበሩ ሁለት ሚሊሻ አስከትሎ መጣና ሸራዬን አየው። ያ ሸራ የገዛ ንብረቴ ነው። በበልግ የሰው እህል እንዳይረጥብ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ የምዘረጋው፣ ለዳሱ ያዘጋጀሁት ሰፊ ሸራ ነው።

«ይሄ ለአርበኞች በዓል መድረክ ተፈልጓል» አለኝ።

«በዚያን ቀን ልጄን እድራለሁ!»

«ለአርበኛ ሸራ ትነፍጋለህ?»

ይህን ጥያቄ እንዴት ትመልሱታላችሁ? «አዎ» ብትሉ ባንዳ ናችሁ። «አይደለም» ብትሉ ሸራው ሄደ። ዝም አልኩ፤ ሸራው ሄደ። መድረኩ ላይ የሚቀመጡት የማን አማት ናቸው? የኔ አማት! ግራዝማች ሽብሩ፣ በልጅ ልጃቸው የዳስ ሸራ ሥር፣ በኒሻን አጊጠው!

ከዚያ በኋላ አንድ መንገድ ብቻ ቀረኝ። ወፍጮውን ዘግቼ ወደ ባሻ ቤት በእግሬ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ የምላቸውን እያዘጋጀሁ ነበር፤ ያገኘኝ መንገደኛ ሁሉ ከበጎቹ ጋር ሸሸኝ። ስደርስ ባሻ በር ላይ ተቀምጠዋል። እማማ የሺመቤት ከውስጥ የበግ ጠጉር ይፈትላሉ፤ እንዝርቷ ስትሽከረከር አያለሁ፣ ድምጿን ግን አልሰማም።

«ባሻ!» አልኩ፣ ሰላምታም ሳላስቀድም። «ጣልያን ከወጣ ስንት ዘመኑ ነው? ልጄ ምን አጠፋች?»

ባሻ አልተቆጡም። አጠገባቸው አስቀመጡኝና በደህናው ጆሮዬ በኩል ሆነው ነገሩኝ።

«እኔ ያን ቀን ሙሽራ ነበርኩ» አሉ። «ሚያዝያ ሃያ ሰባት። እዚህችው ታች ዳስ ተጥሎ፣ ሰው ሞልቶ፣ እስክስታ ስመታ ዋልኩ። እንደኔ የመታ አልነበረም። ጥቂት ቀን ቆይቶ አንድ ሰው ከአዲስ አበባ በኩል እየሮጠ መጣ። ከተማው ተይዟል፣ ጣልያን ገብቷል አለ። መቼ? አልነው። ነገረን። ቁጭ ብለን ቆጠርን። ያው ቀን ሆኖ ተገኘ። አገሬ ስትጠፋ እኔ እስክስታ እመታ ነበር። በማግስቱ ጠመንጃ ይዤ ወጣሁ፤ አምስት ዓመት አልተመለስኩም። ሰው ባሻ ተክሌ ለአገሩ ሲል በረሃ ወረደ ይላል። እኔ ለእፍረቴ ነው የወረድኩት።»

አሁን እንዲህ ያለ ነገር ከሰማችሁ በኋላ ምን ብላችሁ ትቆጣላችሁ? ያን ሁሉ መንገድ ተሸክሜ ያመጣሁትን ንዴት ደጃፋቸው ላይ ነጠቁኝ። ይህም ራሱ አናደደኝ። «እሺ» ብቻ ብዬ ተነሣሁ። የእማማ የሺመቤት እንዝርት ቆማ ነበር። «ስንት ቀን ቀረው?» አሉኝ ከውስጥ። «ሳምንት አይሞላም» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና መፍተላቸውን ቀጠሉ።

ቀኑ ደረሰ። ዳሱ ቆሟል፤ ሸራ የለውም። ምሰሶና ማገር ብቻ፣ ቆዳው ተገፎ እንደተሰቀለ በግ። በሬው ታርዷል፣ ጠላው ደርሷል፣ ዘመድ ተቀምጧል፤ ሁሉም ግን የሚያየው ወደ ሰማይ ነው። የመንዝ የሚያዝያ ሰማይ ደግሞ እንደ ሊቀመንበራችን ነው፣ ሰው ሲደግስ ያያል። ጠቆረ። ከሙሽራው ቤት ወሬ የለም። ብርቄ ለብሳ፣ ዓይኗን ተኩላ፣ ከሚዜዎቿ መሐል ቁጭ ብላለች፤ አታለቅስም፣ መሬቱን ታያለች። ይቺን ሳይ ደሜ ፈላ።

«ሸራውን አመጣለሁ!» አልኩ። ሙሽራውን ማምጣት ባልችል ሸራውን አመጣለሁ!

ወደ በዓሉ ሜዳ ሮጥኩ። ሕዝቡ እንደ ጉድ ነው፤ መድረኩ ላይ ሸራዬ ተዘርግቷል፣ ሥሩ ባለሥልጣናቱ፣ መሐላቸው አማቴ። ሁሉም ቆሟል፤ ለምን እንደቆመ አላሰብኩም። ሊቀመንበሩ ማጉያው ፊት ነው። ሕዝቡን እየገፋሁ መድረኩ ሥር ደረስኩና ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮኽኩ።

«ሸራዬን መልሱ!»

የጆሮዬን ነገር መጀመሪያ ነግሬያችኋለሁ። ለካ የኅሊና ጸሎት ሰዓት ነው። ለካ ሕዝቡ የቆመው አንገቱን ደፍቶ ነው። እኔ ጸጥታና ጫጫታ የሚለይ ጆሮ የለኝም፤ ለኔ ዓለም ሁሉ የኅሊና ጸሎት ላይ ነው! ይባስ ብሎ ማጉያው ድምፄን ተቀብሎ መሐል ሜዳን ሙሉ አስተጋባ። ለወደቁት ጀግኖች መታሰቢያ ዝም ባለው ሕዝብ ላይ፣ ሸራዬን፣ ሸራዬን፣ ሸራዬን።

ያ ሁሉ አንገት ባንድ ጊዜ ቀና አለ። ሊቀመንበሩ ወደ ግራዝማች ዞሮ «ይሄ ሰው የርስዎ አይደለም?» አላቸው። ግራዝማች ኒሻናቸውን እያስተካከሉ «አላውቀውም» አሉ። ዶሮ አልጮኸም እንጂ ጴጥሮስን ቁጭ አሉ።

ሚሊሻዎቹ አንጠልጥለው ቀበሌ ወሰዱኝና ዕቃ ክፍል ውስጥ ዘጉብኝ። ጥፋቴ «የአርበኞችን መታሰቢያ በጩኸት ማወክ» ነው። እኔም በመስኮቱ መጮኼን ቀጠልኩ፤ ጠባቂው በጋቢው ጆሮውን ሸፍኖ ተቀመጠ። በረዶው መጣል ጀመረ። አሁን ልጄ ሙሽራ የላት፣ ሸራ የላት፣ አባትም የላት።

በዚህ መሐል በመስኮቱ አንድ ነገር አየሁ። ወደ ቀየት ከሚወስደው መንገድ ሰልፍ ይመጣል። ፊት በቅሎ፤ በቅሎዋ ላይ ነጭ ለብሰው፣ ጥለታቸው እስከ እግራቸው የወረደ እማማ የሺመቤት። የበቅሎዋን ልጓም የያዙት፣ ዝናብ የመታው በርኖስ ለብሰው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ባሻ ተክሌ! ከኋላ ጌታነህና ሚዜዎቹ።

የሆነውን ኋላ ጌታነህ ነው የነገረኝ። ያን ጠዋት ባሻ እንደየዓመቱ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ተቀምጠዋል። ጌታነህ ፊታቸው ተንበርክኮ ይጠብቃል፤ ጉልበታቸውን አይሰጡትም። ያኔ እማማ የሺመቤት ለብሰው ከጓዳ ወጡ። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ባላቸውን «አንቱ» ሲሉ የኖሩ ሴት ናቸው። ያን ዕለት «ተክሌ» ብለው ጠሯቸው።

«ተክሌ። ወደ ስልሳ ዓመት ሙሉ ይህ ቀን ሲመጣ በር ዘግተህ ትቀመጣለህ። አገር የሞተበት ቀን ነው ትላለህ። እኔ የተዳርኩበት ቀን ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? አምስት ዓመት ጠብቄሃለሁ፤ እሱን አልቆጥርብህም፣ ለአገር ነው። ሠርጌን ግን ለጣልያን ሰጠኸው። አገሩን አስለቅቀኸዋል፣ ቀኔን ግን እስከ ዛሬ እሱ ነው የያዘው። በቃኝ። ዛሬ ሄጄ አመጣዋለሁ።»

ከዚያ «ና ልጄ» ብለው የራሳቸውን ጉልበት ለጌታነህ ሰጡት፤ ሳመ። «በቅሎዋን ጫኑልኝ» አሉ። ባሻ ብዙ ቆይተው ከተቀመጡበት ተነሡ። ጉልበታቸውን አስሳሙና ልጓሙን ያዙ።

እኔ ይህን አላወቅኩም፤ በመስኮቱ «ባሻ! ባሻ!» እያልኩ ጮኽኩ። ሰልፉ ቆመ። ባሻ ወደ ቀበሌው ግቢ ገቡ፤ ከሜዳው ሊቀመንበሩም እየሮጠ መጣ።

«አማቻችን ምን አድርጎ ነው የዘጋችሁበት?» አሉ ባሻ።

«ባሻ፣ በኅሊና ጸሎት ላይ ጮኸ! ሕዝቡ ለአርበኞች ዝም ባለበት ሰዓት ስለ ሠርግ ጮኸ!»

ባሻ ወደ በሩ ተጠጉ። «እኔ አገር ስትጠፋ እስክስታ መትቻለሁ» አሉ። «እሱን የምታስር ከሆነ እኔን አስቀድም።»

ሊቀመንበሩ ለጠባቂው ምልክት ሰጠ። በሩም ተከፈተ።

«ሸራዬስ?» አልኩ። እንዴ! ሞቼ ነው ሸራዬን የምተወው?

ሸራው ከመድረኩ ተፈታ። ሸራው ሲሄድ ባለሥልጣናቱ በረዶ ላይ ቀሩ፤ በረዶ ላይ ደግሞ ንግግር አይደረግም። ስለዚህ ሸራውን ተከተሉ። ሕዝቡም ባለሥልጣናቱን ተከተለ። የበዓሉ ሜዳ እንዳለ ዳሴ ውስጥ ገባ! ያልጠራሁት ሰው ጠላዬን ሲጠጣ፣ ያሰረኝ ሚሊሻ ጥሬ ሥጋዬን ሲቆርጥ ቆሜ አየሁ። ግራዝማችም መጡ። «አላወቁኝም ነበር እኮ» አልኳቸው። «ፀሐዩ ዓይኔን ይዞኝ ነው» አሉ፣ በዚያ በረዶ!

ምርቃቱ ሲደርስ ባሻ ተነሡ። ዳሱ ጸጥ አለ መሰለኝ፤ እኔ ምን አውቃለሁ። ልቤ እንደ ሞተር ይመታል። እዚህ ደርሰው አገር፣ ሞት፣ ጣልያን ቢሉስ? ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ አንድ ቃል አይሰማኝም።

«ምን አሉ?» አልኳት አስካለን በሹክሹክታ።

ዳሱ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ባሻ ራሳቸው ጮክ አድርገው ደገሙልኝ።

«ዛሬ የየሺመቤት የሠርግ ቀን ነው አልኩ። እናንተ ልጆች፣ ቀኑ የሷ ነው፤ እሷ ከቀኗ ታካፍላችሁ። እኔ የማካፍላችሁ የለኝም፤ እኔ ዘግይቼ ነው የመጣሁት።»

ግራዝማች «ጃንሆይም በዚሁ ቀን...» ብለው ሊጀምሩ ሲሉ፣ እማማ የሺመቤት ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው አፋቸው ውስጥ ከተቱላቸው። «ይብሉ ግራዝማች፣ የሠርግ ቤት ነው» አሉ። ግራዝማች ያን ጉርሻ ሲያኝኩ ከበሮው ተመታ። ባሻ መጀመሪያ ቆመው አዩ። እማማ የሺመቤት ተነሥተው ፊታቸው ቆሙና እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። ያ የደረቀ ትከሻ አንድ ጊዜ ነቃ አለ፣ ቆመ፣ እንደገና ነቃ አለ። ብርቄ ያኔ ነው ያለቀሰችው። እኔም አብሬ... ተዉት፣ ጠላው አልቆ ስለነበር ነው።

ይኸው ነው ነገሩ። እንግዲህ ትናንት ወዳልኳችሁ ልመለስ። ሊቀመንበሩ፣ ያው እሱ፣ አፉን ሞልቶ መጥቶ «ሚያዝያ ሃያ ሰባት እየደረሰ ነው፣ ለአርበኞች በዓል ሸራህን አውሰን» አለኝ።

«አይሆንም!» አልኩት። «በዚያን ቀን ሠርግ አለ!»

«የማን ሠርግ?»

«የእማማ የሺመቤት!»

ሳቀብኝ። «አንተ ሰው፣ እሳቸው እኮ ከተዳሩ ስልሳ ዓመት አለፋቸው!»

«ገና ድግሱን አልጨረሱም!» ብዬ ጮኽኩበትና ሞተሩን አስነሣሁ።